ቁጥር የተጻፈበት ምግብ

እናቴ ስትሞት መልኬን ረስታው ነበር። ስኳር በሽታ ዓይኗን ወስዶባት፣ ሳንጃ ከተማ እህቷ ቤት መደብ ላይ ተቀምጣ ነው ያረጀችው። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ጉንጬን፣ አገጬን፣ ክንዴን በመዳፏ እየዳበሰች «ወፍረሻል፤ ተመስገን» ትለኝ ነበር። ቆላ ወርጄ ሰሊጥ ስነግድ ወባ እንዳልጨረሰኝ፣ ራብም እንዳልነካኝ የምታውቀው በዚያ ነው። እኔም ደስ ይለኛል። በእኛ ዘንድ «ወፍረሻል» ምርቃት ነው፤ «ከስተሻል» ደግሞ «ምን ነካሽ» ማለት ነው። አንድ ጊዜ ግን ድምፅ ሳላሰማ ገብቼ አጠገቧ ብቀመጥ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ማነው?» አለች። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የገዛ ልጇ ጎኗ ተቀምጣ ነው እንግዲህ ማነው የምትለው።

ሸሕዲ ጤና ጣቢያ የሄድኩት እግሬ እየደነዘዘ ቢያስቸግረኝ ነበር። ሐኪሙ ጣቴን ወግቶ ደሜን አየና «እናቴ፣ ስኳር አለብዎት። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ስኳር ይተዉ፣ ክብደትዎንም ይቀንሱ» አለኝ። ስለ ዓይን አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ስለ ዓይን ብቻ ነው። ኪኒኑን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁና መናኸሪያው አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። አንዱን ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ የአውቶቡሱን ታርጋ አነበብኩ፤ ከዚያ ሌላውን ሸፍኜ አነበብኩ። ሁለቱም ያያሉ። ረዳቱ «መተማ፣ መተማ» እያለ ሲጣራ ግን የሌላውን መኪና ታርጋ ማንበብ ጀምሬ ነበር።

የኔ እንጀራ ዓይኔ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ ከትንንሽ ገበሬዎች ሰሊጥ እየገዛሁ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች አስረክብ ነበር። ገበሬው ማዳበሪያውን ይፈታል፤ እኔ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከታች እዘግናለሁ፤ መዳፌ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ። አፈር የተቀላቀለበት ይሁን፣ ዝናብ የነካው ይሁን፣ ሳይደርስ የታጨደ ይሁን፣ ካየሁት አያመልጠኝም። ወንዶቹ እንኳ በሰሊጥ ሲጨቃጨቁ «እሷ ትየው» ይሉ ነበር። ዓይኔ ከጠፋ ግን እኔንም እንደ እናቴ የሰው ቤት መደብ ነው የሚጠብቀኝ።

ባሌ ወሬውን ሲሰማ ብዙ አልተናገረም። ዝምተኛ ነው። ወደ ኮኪት በኩል የሰሊጥና የማሽላ እርሻ አለው፤ ግማሹን ዓመት የሚያድረው እዚያው ነው። «ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ፤ እኔ አለሁ» አለኝ። ልጃችን ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ እሷ ደግሞ ሁሉን ነገር መጠየቅ ነው ሥራዋ። «እማ፣ ለመሆኑ ስንት ትመዝኛለሽ?» አለች። እኔም አላውቅም። የመዘንኩት የሰው ሰሊጥ እንጂ ራሴን መች መዝኜ አውቃለሁ!

በማግስቱ ሰሊጥ የምናስረክብበት መጋዘን ሄድኩና ሸካሚዎቹን «እስቲ ዞር በሉ፣ ሚዛኑ ላይ ልውጣ» አልኳቸው። አንደኛው «እትዬ፣ ማዳበሪያ ይምጣልዎ ወይስ እንዲሁ ነው የሚጫኑት?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። የኔም ምላስ አያርፍም፣ «አንተ እንኳን ዝም በል፤ ከነጫማህ ብትመዘን ግማሹ ጫማው ነው» አልኩት። ሚዛኑ ተወዛወዘና ከኩንታል ትንሽ አልፎ ቆመ። ቀልደኛው ሸካሚ ሳቁን ተወና «ኩንታል አልፈዋል» አለኝ፣ ሀብታም እንደሚያናግር ሰው በአክብሮት። እኔ ግን ቁጥሩን እንደገና አነበብኩት። ማዳበሪያ ኩንታል ሲያልፍ አፉን ፈትተን ትርፉን እንዘግናለን፤ ከሰው ላይ እንዴት ይዘገናል?

መልሱን ያመጣልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ገዳሪፍና ካርቱም ይመላለስ ነበር። ካሎሪ የሚባለውን ቃል ቤታችን ያስገባው እሱ ነው።

«እቴ፣ እኔን እይኝ» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ። ድሮ መሪው ላይ የሚያርፍ ሆድ ነበረው፤ ያ ሆድ ጠፍቷል። «ምግብ ማለት ናፍጣ ነው። መኪናው ከሚያቃጥለው በላይ ከሰጠሽው ትርፉን በርሜል ሞልቶ ተሸክሞ ይዞራል። ስብ ማለት እሱ ነው። አሳንሰሽ ስትሰጪው ግን ከበርሜሉ እየቀዳ ይነዳል። ሌላ ጥበብ የለውም።»

«ታዲያ ምን ልብላ?»

«ያሻሽን። ቁጥሩን ብቻ አትለፊ።»

«ቁጥሩ የታለ?»

ከኪሱ የሱዳን ብስኩት አወጣና ጀርባውን ገልብጦ አሳየኝ። በዓረብኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎበታል፤ ከጽሑፉ መሀል የካሎሪውን ቁጥር በጥፍሩ ጠቆመኝ። በቀን ከምን ያህል ማለፍ እንደሌለብኝም ነገረኝ። ወንድሜን አልወቅሰውም። የነገረኝ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነገር ነበር። ግማሹን ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

የተሳሳትኩት ደግሞ ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት ነው። መተማ ገበያ ከማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት በኩል የሚገባ የታሸገ ነገር ሞልቶታል፤ ብስኩቱ፣ የካርቶን ጭማቂው፣ ሐላዋው። ሁሉም ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። የማሽላ እንጀራን ጀርባውን ብገለብጠው ምን ተጽፎበታል? ሽሮው ላይ ማን ጻፈ? ምስሩ ላይስ? ነጋዴ ነኝ፤ ያልተመዘነ ነገር አልገዛም። ስለዚህ ቁጥር ያልተጻፈበትን ምግብ ሁሉ ፈራሁት። ሰው እባብ እንደሚፈራ ነው የምላችሁ፤ ገንፎ ሲቀርብ እጄን እሰበስብ ነበር።

ጠዋት ብስኩት በሻይ፣ ቀን ጭማቂና ትንሽ ሐላዋ፣ ማታ ደግሞ ብስኩት። ልጄ ትደምርልኛለች፤ ቁጥሩ ሊሞላ ሲል «በቃሽ እማ» ትለኛለች፤ እኔም እተዋለሁ። ሻዬ ውስጥ ስኳር አላስገባም፤ በዚህማ ማን ብሎኝ! ሐኪሙ ስኳር ይተዉ ሲለኝ፣ ስኳር ማለት በማንኪያ የሚጨመረው ነጩ ነገር ብቻ መስሎኝ ነበር። ሐላዋውን ስታዩት ይገርማችኋል። ከሰሊጥና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ነው። የእኛው ሰሊጥ፣ ምናልባትም እኔው ራሴ በመዳፌ ያየሁት፣ ድንበር ተሻግሮ ይሄድና ስኳር ለብሶ፣ ቁጥር ተጽፎለት፣ በቆርቆሮ ይመለሳል። ማዳበሪያ ውስጥ ሳለ አላመንኩትም፤ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ሲመጣ አመንኩት። ዐቢይ ጾም ሲገባም አልተቸገርኩም፤ ሐላዋ የጾም ምግብ ነው።

ባሌ ከእርሻ ሲመጣ ልጄ የማሽላ ገንፎ ሠርታለት ነበር። አንዴ ጎረሰና ቀና ብሎ «ትንሽ ቅመሺ እንጂ» አለኝ።

«ቁጥሩን ንገረኝና እበላለሁ።»

ገንፎውን ትንሽ ተመለከተና «ቁጥሩን እንኳ አላውቅም። ታርሶ፣ ታርሞ፣ ከወፍ ተጠብቆ ነው የመጣው» አለ። ሳቅኩበት እንጂ አልበላሁም።

ክብደቱስ ወረደ፤ እሱን መካድ አልችልም። በየሳምንቱ መጋዘን እየሄድኩ እመዘናለሁ፤ ሚዛኑ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ያ ቀልደኛ ሸካሚ «እትዬ፣ የእርስዎ ማዳበሪያ ተቀዷል፤ እየፈሰሱ ነው» ይለኝ ጀመር። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ራቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ብስኩቱን በልቼ ሳልጨርስ ይርበኛል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። ለሽንት የምመላለሰውን ተዉት። መጋቢት ሲገባ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ ብዬ መነሳት የሚያቅተኝ ጊዜ ነበር። መዳን የሚገኘው እንዲህ ተሰቃይቶ ነው ብዬ ቻልኩት።

ከዚያ ሰው ያየኝ ጀመር። መተማ ላይ ሰው ሲከሳ ሁለት ነገር ነው የሚጠረጠረው። አንደኛው ካላዛር ነው፤ በእርሻው ሜዳ ከምትገኝ፣ ከትንኝ ከምታንስ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ፣ ሰውን አድርቆ ሆዱን ብቻ የሚነፋ። ከደጋ ለአጨዳ የወረደ ስንቱ ጎልማሳ እንደዚያ ሆኖ በሰው ሸክም ሲመለስ አይተናል። ሁለተኛውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። «ክብደት ቀንሽ ተብዬ ነው» ብል ማን ያምነኛል? ጤነኛ ሰው ምግብ እያለው ወዶ ይከሳል እንዴ! «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለኝ በዛ። አንዷ ጠበል ጠቆመችኝ። ሌላዋ ምንም ሳትለኝ እጄን ይዛ ብቻ አለቀሰች፤ እሷ ነበረች የባሰችብኝ።

ገበያ ላይ ጎን ለጎን የምንውል አንዲት ሴት ነበረች። ለዓመታት ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥተናል። አንድ ቀን የራሷን ጣሳ ይዛ መጣች።

«ምነው፣ ብርጭቆዬ ተሰነጠቀ?» አልኳት።

«ኧረ ለሙቀቱ ነው። ጣሳ ያቀዘቅዛል» አለች፣ ዓይኗ መሬት መሬት እያየ።

«እንግዲያውስ ለኔም አንድ ግዢልኝ» ብዬ ሳቅኩላት። ቤቴ ገብቼ ግን በሩን ዘጋሁና በግራ ጎኔ ከጎድኔ ሥር ተጫንኩት። ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፣ የሚገኘውም እዚያ ነው ይባላል። ምንም የለም። እንደገና ተጫንኩት። ከተማው ሁሉ ሲጠረጥርሽ ራስሽን አለመጠርጠር አይቻልም። አሁን ፍርሃቴ ሁለት ሆነ፤ ካልከሳሁ ዓይኔን እፈራለሁ፣ ስከሳ ደግሞ መክሳቴን እፈራለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ገበሬ አስቀምጦት የከረመውን ሰሊጥ ይዞ መጣ። ማዳበሪያውን ፈታልኝ። እጄን አስገብቼ ከታች ዘገንኩና መዳፌን ወደ ፀሐይ አወጣሁ። ፍሬ የለም። ነጭ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ እንደ ዱቄት የተያያዘ። ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ። ያው ነው። መዳፌን አራቅሁት፣ አቀረብኩት። የገዛ ጣቶቼ ጫፍ ጫፋቸው ጠፍቷል።

«እንዴት አዩት፣ እትዬ?» አለ ገበሬው።

«ቆይ እስቲ» አልኩት። ጥቂት አፌ ውስጥ ጨምሬ አኘክሁ፤ በምላሴ ማየት የምችል ይመስል። ከዚያ ልጄን ጠራሁና መዳፌን ዘረጋሁላት። «ይህን እይልኝ።»

«አፈር አለው እኮ» አለች። ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «አይታይሽም፣ እማ?» አለችኝ።

ሰሊጡ ከመዳፌ መሬት ላይ ፈሰሰ። ገበሬው ማዳበሪያውን እንዴት እንዳሰረ፣ እኔ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ «ማነው?» የሚለው የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ቁጥሩን አላለፍኩም። ክብደቴ ወርዷል፤ ሚዛኑ ይመስክር። ታዲያ ዓይኔ ለምን ይሄዳል? ያን ሁሉ ራብ የቻልኩት ለምኑ ነው?

ባሌ ሲነገረው «ጎንደር እንሄዳለን» አለ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣን። መንገዱን ሁሉ አንዱን ዓይኔን እየሸፈንኩ በመስኮቱ አያለሁ፤ ተራራው እንደ ጭስ ነው፣ ሰው ሁሉ ፊት የለውም። ጎንደር ስንወርድ አስፋልቱን ያሻገረኝ ክንዴን ይዞ ነው። እናቴን እንደዚያ ነበር የምንመራት።

ሆስፒታል ያየችኝ ልጅ እግር ሐኪም ነበረች። የምበላውን ስትጠይቀኝ በኩራት ፌስታሌን ከፈትኩ። የብስኩቱን መጠቅለያ፣ የጭማቂውን ካርቶን፣ የሐላዋውን ቆርቆሮ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት። «ቁጥር የሌለው ነገር በአፌ አልዞረም» አልኳት። አንድ በአንድ እያነሳች አየች። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ፣ ቁጥሩን አልሳቱትም» አለችኝ። «ቁጥሩ ግን ምን ያህል እንደበሉ እንጂ ምን እንደበሉ አይነግርዎትም። አንድ እፍኝ ብስኩትና አንድ ሰሃን ምስር ቁጥራቸው ሊመሳሰል ይችላል። ብስኩቱ ወዲያው ስኳር ሆኖ ደምዎ ውስጥ ይገባል፤ ስኳርዎ ይሰቀላል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይርብዎታል። ምስሩ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ያጠግብዎታል፣ ጉልበትዎንም ይጠብቃል። እርስዎ ስብዎ ብቻ አይደለም የቀነሰው፤ ሥጋዎም ነው። ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ ከፊሉን ያከሳዎት በሽታው ራሱ ነው፤ ስኳር በጣም ሲወጣ ሰውን ያከሳል።»

ይህን ስትለኝ ወንበሩን ያዝኩ። ሚዛኑ ሲወርድ እልል ያልኩበት፣ በሽታው ሲበላኝ ኖሯል።

«ዓይኔስ?» አልኳት። የመጣሁት ለዚህ ነው።

«ስኳሩ ሲወርድ ብዥታው ሊለቅዎት ይችላል። ጊዜ ይፈልጋል። ቃል ግን አልገባልዎትም፤ የዓይን ክፍል ያይዎታል።» ከዚያ ምን መብላት እንዳለብኝ ነገረችኝ። ጎመን፣ ምስር፣ ፉል፣ የባሚያ ወጥ፣ ከማሽላው በልክ፣ ከሰሊጡም ስኳር ሳይነካው ትንሽ፤ የታሸገውን ሁሉ ለባለቤቱ። «ክብደትዎን ይቀንሱ፤ ግን እየጠገቡ ይቀንሱ። ቁጥር ከሚያዩ ሰሃንዎን ይዩ» አለችኝ።

«ሰሃኔን በምኔ ልየው፣ ልጄ?» አልኳት። የዓይን ክፍሉን ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

ከጎንደር ስመለስ መብላት ፈራሁ። ይህን ለሰው ማስረዳት ይቸግራል። ፉል ፊቴ ቀርቦ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሞልቶት፣ እጄ አልዘረጋ ይለኝ ነበር። ማን ቆጠረው? ምን ያህል ነው? ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ «ሰሃኑን ጨርሺ፣ ሌላ አልሰጥሽም» ትለኛለች፤ እንደ እናት ሆነችብኝ። ስጨርስ ግን ጠገብኩ። ከበላሁ በኋላ ሳይርበኝ አመሸሁ፤ ከስንት ወር በኋላ። በሳምንቱ መጋዘን ሄጄ ብመዘን ሚዛኑ እንደመውረድ ትንሽ ጨመረ። በመንገዴ ላይ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ብስኩት ብስኩቱን ሳይ ቆየሁ፤ ልገዛ ትንሽ ነው የቀረኝ። የሐኪሟ ፊት መጣብኝና አለፍኩት።

ሰኔ ዝናቡ ወረደ፣ ባሌም ለዘር ወደ እርሻው ሄደ። እኔ ጎመንና ምስሬን እበላለሁ፣ ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ሲያባራ ከድንበሩ እስከ መናኸሪያው ወዲያና ወዲህ እራመዳለሁ። ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ከርከዴን፣ ያለ ስኳር ለመድኩ፤ መጀመሪያ ኮምጣጤ ነበር የመሰለኝ። ክብደቴ መልሶ መውረድ ጀመረ፤ በቀስታ፣ አንዳንድ ሳምንት ጨርሶ ሳይንቀሳቀስ። «እትዬ፣ ማዳበሪያው ተሰፋ መሰለኝ» አለኝ ሸካሚው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ፣ ቀስታውን ወደድኩት። ጤና ጣቢያ ስሄድም ስኳሬ በየጊዜው እየወረደ ነው።

ዓይኔን ግን በየቀኑ እፈትነዋለሁ። ጠዋት በሩን ከፍቼ ከጣሳ ሰሊጥ እዘግንና መዳፌ ላይ እዘረጋለሁ። ከመመልከቴ በፊት ያለችው ጊዜ ነበረች ክፉዋ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየዋለሁ እንጂ ወደ መዳፌ ማየት እፈራለሁ። ሰኔን ሁሉ ዱቄት ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዳር ዳሩ ተለያየ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ከነጩ መሀል ጥቁር ነገር አየሁ፤ በጣቴ ለየሁት፣ አፈር ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ያችን የአፈር ጓል እንደ ወርቅ ይዤ አለቀስኩ። የዓይን ክፍሉ ሐኪምም ለአሁኑ ደህና ነው፣ በየጊዜው ይታዩ አለኝ። «ለአሁኑ» የሚለው ቃል ውስጤ ቀረ፤ ቢሆንም ከመሞት መሰንበት ብዬ ተጽናናሁ።

መስከረም ጠባና ባሌ ለአጨዳ ሠራተኛ ሊፈልግ ከእርሻ ወጣ። ክረምቱን ጭቃው መንገድ ዘግቶበት አልፎ አልፎ ነበር ብቅ የሚለው፤ ሲመጣም ጋቢውን ተከናንቦ፣ እራቱን ቀማምሶ ይተኛል። ያን ቀን ጓሮ፣ በርሜሉ አጠገብ ሸሚዙን አውልቆ ይታጠብ ነበር። እኔ ደጃፍ ላይ ትሪ ይዤ ምስር እለቅማለሁ። ምስር መልቀም ቻልኩ ብዬ ልነግረው ቀና አልኩ።

ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትከሻው አጥንት ነው። አንገቱ ያ ወፍራም አንገት አይደለም፣ ጅማቱ ወጥቷል። ሆዱ ብቻ በግራ በኩል ነፍቶ ቆሟል።

ትሪው ከእጄ ወደቀ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

ዞር አለና ሸሚዙን እርጥብ ገላው ላይ ጎተተው። «ወባ ነው። ኪኒን ውጫለሁ፣ ይተወኛል።»

«ከሐምሌ ጀምሮ ነው» አለች ልጄ ከኋላዬ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትነግሪያት አለኝ። ድንጋጤ ስኳሯን ያስነሳዋል፣ ዓይኗ ሊመለስላት ነው አለኝ።» ማልቀስ ጀመረች። «ደግሞ በመጣ ቁጥር ፊት ለፊትሽ ነው የሚቀመጠው፣ እማ። አይተሽው ዝም ያልሽ መስሎኝ ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራ ኖሬ፣ ለካ ፍርሃት የሚባለውን አላውቀውም ነበር። ከተማው ሁሉ «ምን ነካሽ» ሲል የኖረው እኔን ነው። ጠበል የተጠቆመው ለእኔ፣ ጣሳ የተለየው ከእኔ። የሚያልቀው ሰው ግን ሌላ ነበር። የራሴን ጎን ስጫን ኖርኩ፤ የእሱን ጎን ግን አንድ ቀን አልተጫንኩም።

ፀጉሩ ሳይደርቅ ይዤው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐኪሙ፣ የማያውቀን አዲስ ልጅ ነው፣ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና «ከሁለታችሁ ታማሚው ማነው?» አለ።

ባሌ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «እሷ ናት። ስኳር አለባት፣ ዓይኗንም አሟት ነበር» አለ።

ከልቡ ነው። ለማታለል አልነበረም፤ ለምዶት ነው። እጁን ይዤ ወደ አልጋው መራሁትና «እሱ ነው» አልኩ። ሐኪሙ አጋደመው፣ ሸሚዙን ገለጠ፣ በግራ ጎኑ ከጎድኑ ሥር ጣቶቹን አሳረፈ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ቅንድቡ ሲሰበሰብ፣ ከንፈሩ ሲገጥም፣ ሁሉንም ጥርት አድርጌ ነው ያየሁት። ያን ጊዜ ዓይኔ ባልተመለሰልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ካላዛር ነበር። መርፌው ሳምንታት የሚፈጅ ነው፣ ሰውነቱም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ሊሞት ነው ያልንበት ሳምንት አለ። እግዜር ይመስገን፣ ተረፈ። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን ሳጎርሰው ስጋው ቀስ እያለ ተመለሰ። እሱ እንዲወፍር፣ እኔ እንድከሳ ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። እኔ ዛሬ ከኩንታል በታች ነኝ፣ ስኳሬም ልክ ነው፣ ሰሊጥም አያለሁ። ጠዋት ግን በሩን ከመክፈቴ በፊት መጀመሪያ የማየው አንገቱን ነው። ሸሚዙን ሳይቆልፍ እደርስበትና ግራ ጎኑን እጫነዋለሁ። «ኧረ ልቀቂኝ፣ ደህና ነኝ» ይለኛል። አላምነውም።